ዲማና ስም ያልወጣለት ወንድሙ

ከቡልጋ ወጥቼ ድሬዳዋ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። ባሌ ተሾመ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ተመልሶም ድካሙ ሳይወጣለት ደግሞ ወደ አዋሽ ይላካል። እኔ ደቻቱ ወንዝ ዳር በተከራየናት ቤት፣ በማላውቀው ሙቀትና በማላውቀው ቋንቋ መካከል ብቻዬን እቀራለሁ።

ያኔ የነበርኩትን ሴት እንድታውቋት እፈልጋለሁ። ያደግሁበት መንደር ሰው ሁሉ ዘመድ ነው፤ ፊቱ ይታወቃል፣ አነጋገሩ ይታወቃል፣ የአያቱ ስም ይታወቃል። ድሬዳዋ ግን በአንድ ጠዋት ብቻ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ በደጄ ያልፋል። ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሊሰርቁኝ የሚመካከሩ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ያገሩ ሰው «እርስዎ» ማለት አያውቅም፤ ትንሹም ትልቁም «አንቺ» ይለኛል። ንቀት ነበር የሚመስለኝ። በሬን በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ቀርቅሬ ነው የምውለው።

ተሾመ ይህን አይቶ ነው ቡችላ ያመጣልኝ።

ቡችላው የተወለደው ከጣቢያው አለፍ ብሎ መጋዘን ከነበረው ሙሴ ያኒ ከሚባል ግሪክ ዘንድ ነው። እናቱ ጣሊያን ሲወጣ ትቶት የሄደ ዘር ናት ይባላል። ቀይ ናት፣ ደረቷ ነጭ፤ ከጌታዋ በቀር ሰው አታስጠጋም። የምትፈራው በጩኸቷ አልነበረም፤ አትጮህማ! ዝም ብላ ታያለች፤ ከዚያ የላይኛውን ከንፈሯን ወደ ግራ ጠመም ታደርገውና ድንገት ትነክሳለች። ባቱን የቦጨቀችው አንድ ኩሊ እያነከሰ ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ እርስ በርሱ ይጠቋቆም ነበር።

የዚያች ውሻ ልጆች ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው መለየት የማይቻል። አንደኛውን፣ ጡት ትቶ ፍትፍት መላስ እንደጀመረ፣ ተሾመ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ አመጣልኝ። ሌላውን ሙሴ ያኒ ለመጋዘኑ አስቀረው።

«ያኛውን ጨለማ ክፍል ነው ያስገባው» አለኝ ተሾመ። «ከዘበኛው ከሮብሌ በቀር ሰው እንዳያየው፣ ሮብሌም ምግብ ሰጥቶት እንዲወጣ እንጂ እንዳይነካው ታዟል። እንደዚያ ያደገ ነው አሉ ኃይለኛ የሚሆነው። እኛም እንደዚያው ብናደርገው ይሻላል።»

እኔም ልቤ እንደዚያው ነበር። ነገር ግን ከግቢያችን ግንብ ማዶ ኢፍቱ አለች።

ኢፍቱ የጎረቤቴ የአዴ መርየም የልጅ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና የፊት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። አዴ መርየም ገበያ ሽርጥና ሻሽ የምትሸጥ፣ ረጅም፣ ቆፍጣና ባልቴት ናት። «አዴ» እዚያ አገር እናት እንደማለት ነው። አሁን «እሷ» እያልኩ የማወራችሁ እኔም የድሬ ሰው ስለሆንኩ ነው፤ ያኔ ግን «እርስዎ» እላት ነበር፤ እሷም በዚያ ትስቅ ነበር።

ኢፍቱ ቡችላ መምጣቱን በሰማች ማግስት ግንቡ ላይ ተንጠልጥላ ገባች። ከኋላዋ የሰፈሩ ልጆች ተከተሉ። ብቆጣም፣ ባባርርም አልሆነም። ቀይ ስለሆነ «ዲማ» አሉት፤ በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው። ሲያቆላምጡት «ዲሜ» ይሉታል። የውሻ ምራቅ ለሙስሊሞቹ ነጃሳ፣ ርኩስ፣ ስለሆነ አዴ መርየም ልጅቷን በመጣች ቁጥር በአፈርና በውኃ ደጋግማ ታሳጥባታለች። ራሷ አንድ ቀን ነክታው አታውቅም፤ አጥንት ግን ከግንቡ በላይ ትወረውርለታለች።

እንዲህ ሆኖ ዲማ ገና ጆሮው ሳይቆም የባቡሩን ፊሽካ ለመደ። ጥምጣም የጠመጠመውን፣ ዣንጥላ የዘረጋችውን፣ በትር የያዘውን፣ ጋሪውን፣ ግመሉን ሁሉ አየ፣ አሸተተ። በሰው ደስ የሚለው ውሻ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀውም። እንግዳ ሲመጣ አይጮህም። ዝም ብሎ ያያል፤ ከንፈሩንም ወደ ግራ ጠመም ያደርጋል። ያስተማረው ሰው የለም፤ እናቱንም ከተለያት ቆይቷል። ያንን ባየሁ ቁጥር የእናቱ ነገር ትዝ ይለኛል።

አዴ መርየምም አይታው ኖሮ አንድ ቀን «እናንተ ዘር ከልጓም ይስባል ትላላችሁ አይደል?» አለችኝ። «ይሄዋ!»

ነገሩ የደረሰው ዲማ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ሙቀቱ በከፋበት ወራት ነው። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ጭር ትላለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ ውሻ እንኳ መንገድ አያቋርጥም። እኔም ሲሚንቶው ላይ ውኃ ረጭቼ ሰሌን ላይ ጋደም እንዳልኩ ከወንዙ በኩል የልጅ ጩኸት ሰማሁ።

ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። በጓሮ በኩል ሮጬ ስወርድ ኢፍቱ አሸዋው ላይ ተቀምጣለች። ክንዷን ታቅፋ ደሙ በክርኗ ይንጠባጠባል። ማዶ ዳገቱን አንድ ቀይ ውሻ ሲወጣ ከኋላው አየሁት።

«ምን ነከሰሽ? የማን ውሻ ነው?»

«ዲሜ» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ዲሜ ብዬ ጠራሁት። እጄን ዘረጋሁለት … አልጮኸም። ዝም ብሎ ነከሰኝ።»

አዴ መርየም በባዶ እግሯ ደርሳ ልጅቷን አነሳቻት። የተመለከተችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ። ቤት ስመለስ የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ዲማ የለም። ጥቂት ቆይቶ በወንዙ በኩል መጣ። እግሩ በአሸዋ ተለውሷል፣ ጭራውን እግሩ መሐል ወትፏል። ሳያየኝ አልፎ አልጋ ሥር ገባ። ብጠራው አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ምን እጠራጠራለሁ? አውቄዋለሁ ብዬ ነበር።

ክሊኒክ ስንደርስ ድሬሰሩ ቁስሉን በሳሙና ደጋግሞ አጠበውና «ልጅቷ መታዋለች?» አለ።

«እጇን ብቻ ነው የዘረጋችለት» አለች አዴ መርየም።

ድሬሰሩ ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያው ስሙኝ። ውሻውን እንዳትገድሉት። ከገደላችሁት አብዶ ይሁን አይሁን ማወቂያ የለንም። እሰሩትና ጠብቁ። ያበደ ውሻ ብዙ አይቆይም፤ በሳምንት ዐሥር ቀን ይሞታል። አንድ ምልክት ካያችሁ ልጅቷ በመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ትሂድ፤ መርፌው ያለው እዚያ ነው። በሽታው ከጀመራት በኋላ ግን የሚያድናት የለም።»

ዲማን ግቢዬ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጋር በገመድ አሰርኩት። ዞር ስል አዴ መርየም በርጩማዋን ይዛ ደጄ ላይ ተቀምጣለች።

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ለቀሽ እንዳታሸሺብኝ ነው። የልጄ ነፍስ እሱ ላይ ናት።»

«እኔስ ለምን አሸሸዋለሁ?»

«ትወጅዋለሽ። ሰው ለሚወደው ይዋሻል።»

እኔም ወጥቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበትን ምክንያት አልነገርኳትም፤ እሷ ወይም ከሰፈሩ አንዱ መርዝ ያለበት ሥጋ እንዳይጥልለት ነበር። ማዘጋጃ ቤት ለባዘኑ ውሾች እንደዚያ ያደርግ ነበርና። እሷ እኔን ትጠብቃለች፣ እኔ እሷን እጠብቃለሁ፣ ሁለታችንም ውሻውን እንጠብቃለን።

ያን ቀን ዲማ ውኃ አልጠጣም። ጣሳውን ሞልቼ ባስቀምጥለት ፊቱን አዞረ። ከአፉ ለሀጭ ይወርዳል። የሙቀቱ ይሁን የሌላ፣ በምን ይታወቃል?

«አየሽ?» አለች አዴ መርየም።

አይቻለሁ። በነጋታውም ያንኑ አየሁ። ሲያዛጋ ጠረጠርኩት፣ እግሩን ሲልስ ጠረጠርኩት፣ ሲተኛም ጠረጠርኩት። በእጄ ያሳደግሁትን ውሻ ጣሳውን በእንጨት እየገፋሁ ማቅረብ ጀመርኩ። እሱም እንጨቱን አይቶ ወደ ግንዱ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ከንፈሩም ወደ ግራ ጠመም ይላል። ሰፈርተኛው ግንቡ ላይ ተንጠልጥሎ ያየናል። አንድ ጠመንጃ ያነገተ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ መጥቶ «ያበደው ውሻ የታለ?» ሲል አዴ መርየም ከበርጩማዋ ተነሥታ «አብዷል ያለህ የለም። ሂድ!» አለችው። ለዲማ አዝና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወገን የሆንን መሰለኝ።

ሌላ አንድ ቀን አለፈ። ከሰዓት በኋላ ኢፍቱ ከግንቡ ማዶ ስትናገር ተሰማ። ዲማ ብድግ አለ። ገመዱ እስኪወጠር ወደ ግንቡ ሄደና በሆዱ ተኝቶ፣ በጭራው አፈሩን እየጠረገ፣ እንደ ሕፃን ማላዘን ጀመረ። ኢፍቱ ድምፁን ስትሰማ በፍርሃት ጮኻ ሸሸች። እሱ ግን ከዚያ አልነሣም አለ። ቆይቶ ቆይቶ መጣና ጣሳውን እስከ ታች ጠጣው።

አዴ መርየም አላርፍ ብላ ስታየው ቆየች። «የነከሰ ውሻ እንዲህ ያደርጋል?» አለች፤ እኔን ሳይሆን ራሷን ነበር የምትጠይቀው። ተነሥታ ወደ ቤቷ ገባች። ስትመለስ አጠገቤ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጅቷን ደግሜ ጠየቅኋት። ውሻው ሲሮጥ አንገቱ ላይ ብረት ይንኳኳ ነበር ትላለች። ያንቺ ውሻ ሰንሰለት ነበረው?»

«ኖሮት አያውቅም። ይህንንም ገመድ ያሰርኩለት ከተነከሰች በኋላ ነው።»

ተያየን። በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ያንን ቃል ደብቃ ልትቀር ትችል ነበር። እኔ ብሆን እደብቀው ይሆን ነበር።

«ወንድም አለው» አልኳት።

ሁለታችን ወደ ሙሴ ያኒ መጋዘን ሄድን። በሩ ላይ ጢሙን በሂና ያቀላው ዘበኛ ሮብሌ ተቀምጧል። ሶማሌ ነው፤ አማርኛውን እየሰባበረ ነው የሚናገረው።

«ውሻህ የታለ?» አለችው አዴ መርየም።

«ታስሯል።»

«አሳየን።»

«ሙሴ የለም። ክፈት አልተባልኩም» አለና ዓይኑን ወደ መሬት ወረወረ።

አዴ መርየም ወደ ሶማልኛ ገባች። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች፤ እሱም ቀነሰ። እኔ አንድም ቃል ሳይገባኝ መካከላቸው ቆሜያለሁ። ያው የድሮው ክፉ ሐሳቤ ተነሣብኝ። «ተስማሙ» አልኩ በልቤ፤ «ነገሩን በእኔ ውሻ ላይ ሊደፈድፉት ነው።» እንዲያውም እግሬ ወደ ኋላ ማለት ጀምሮ ነበር። ሮብሌ ግን ቁልፉን አወጣ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ሽታው ይከረፋል። ግድግዳው ላይ ካለው ቀለበት የተበጠሰ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ውሻ የለም።

«ልጅቷ የተነከሰች ቀን ነው በጥሶ የወጣው» አለ ሮብሌ። «ሙሴ እንዳትናገር አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፈልገው ነው የምውለው።»

ኢፍቱን የነከሳት ውሻ ይህን ሁሉ ቀን ማንም ሳያየው ከርሟል። አብዶ ይሁን፣ ሞቶ ይሁን የሚያውቅ የለም። እኛ ስንጠብቅ የቆየነው ሌላ ውሻ ነው። ዲማ ያን ቀን ጭራውን ወትፎ የገባው በተከፈተው በር ወጥቶ፣ በልጅቷ ጩኸት ደንግጦ ኖሯል።

ከዚያ ሳንወጣ በመንገዱ ሰው ሲሮጥ ሰማን። «ያበደው ውሻ ድልድዩ ሥር ነው!» ይላሉ።

ስንደርስ የደቻቱ ዳርና ዳር በሰው ተሞልቷል። ድልድዩ ሥር፣ የመንገዱ ጎርፍ የሚወርድበት ትልቅ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። ውሻው እዚያ ውስጥ ገብቷል። ልጅ አዋቂው ድንጋይ ይዟል፤ ያ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛም ጠመንጃውን አነጣጥሮ ይጠብቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ከበላያችን ነበር፤ በሐረር ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ተራራው ላይ ከዘነበ ደቻቱ ይመጣል። የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

«ተዉት! ጎርፉ ይወስደዋል፣ እንገላገላለን!» አለ አንዱ።

አዴ መርየም አሸዋው መካከል ወረደችና ሁለት እጇን ዘረጋች። «ድንጋይ የሚወረውር በኔ ላይ ይወርውር! ያ ውሻ ከሞተ ልጄ ትድን አትድን በምን አውቃለሁ?» ብላ ጮኸች፤ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በሶማልኛ። በእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ወገን ድንጋዩን ሲጥል አየሁ። ዘበኛውም ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ሰዉን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች አራቀችው።

ሮብሌና እኔ ወደ ቱቦው ቀረብን። አንበሳ ነበር የጠበቅሁት። ጥግ ላይ የተኮማተረ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጥ ውሻ አየሁ። ከዲማ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ከንፈሩ ወደ ግራ ጠሟል፤ ድምፅ የለውም። ዓይኑ ግን እኛን አያይም፤ ዳር ዳሩን ነው የሚያየው፣ መሸሻ ነው የሚፈልገው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን አፍ ጭካኔ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ፍርሃት መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

«ካላይ» አለ ሮብሌ በለሰለሰ ድምፅ፤ ና ማለት ነው። «ካላይ … ካላይ …»

ውሻው ድምፁን ሲሰማ ጆሮው ተንቀሳቀሰ። በደረቱ እየተሳበ እስከ ቱቦው አፍ መጣ። ከዳር አንድ ሰው ሲያስል ግን ተመልሶ ገባ። ሮብሌ ደግሞ ጠራ፤ ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ከላይ አንድ ሽማግሌ «ውጡ! የጎርፉ ድምፅ ይሰማል፣ እየመጣ ነው!» ብለው ጮኹ።

ቤቴ ከዚያ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ሮጬ ዲማን ፈትቼ ይዤው መጣሁ። ዲማ ቱቦው አፍ ላይ ቆመ፣ አሸተተ፤ ከዚያ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ቂጡን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጭራውን ያወናጭፍ ጀመር። ለኢፍቱና ለልጆቹ የሚያደርገውን ጨዋታ ነበር የሚያደርገው። ያኛው አንገቱን አወጣ። አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካኩ። ዲማ ዞር ብሎ ሁለት ሦስት ርምጃ ሲሄድ ወንድሙ ተከተለው።

የወንዙ ድምፅ ያኔ እንደ ባቡር ይሰማ ነበር። ሮብሌ የሰንሰለቱን ቁራጭ ያዘ፤ ውሻው ደንብሮ ሲወረወር ከእጁ አመለጠው፤ እኔ አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። ዘወር ብሎ እጄን ነከሰኝ። አልጮኸም። ጥርሱ አጥንቴን ሲነካ ተሰማኝ፤ ሰንሰለቱን ግን አልለቀቅሁም። ብለቀው ሁሉም ነገር እንደሚያበቃ ብቻ ነው የታየኝ። ሮብሌ ደርሶ እየጎተትን ዳገቱን ወጣን። ዞር ስል የቆምንበት አሸዋ የለም፤ ቡናማ ውኃ ግንድና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ቱቦውን ውጦታል።

ውሻውን ግቢዬ አሰርነው። ድሬሰሩ እጄን አጠበና ለኢፍቱ ያለውን ለእኔም አለኝ፤ «ጠብቁ።»

እንደ ገና መጠበቅ ጀመርን፤ አሁን ግን እኔም ከተነካሾቹ ነኝ። አዴ መርየም በርጩማዋን ትታ ሰሌኔ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻሂ በወተት ታመጣልኛለች፤ ስጠጣም ጉሮሮዬን ታያለች። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውኃ ሲያይ ያንቀዋል ይባላልና። እኔም ብቻዬን ስሆን ብርጭቆ ሞልቼ አያለሁ፤ ፈራሁት? አልፈራሁትም? ቁስሌ ሲጠዘጥዘኝ «ጀመረኝ» እላለሁ። ውሻው ደግሞ እኛ እያየነው አይበላም፣ አይጠጣም። ፊታችንን ስናዞር ብቻ የጣሳው ድምፅ ይሰማል። ነፋስ ቅጠል ሲያንኮሻኩሽ ይንዘፈዘፋል። ይህ እብደት ነው ወይስ ፍርሃት? እሱንም እጠረጥራለሁ፣ ራሴንም እጠረጥራለሁ።

ተሾመ ከጅቡቲ ሲመለስ ሚስቱን እጇ ተጠቅልሎ፣ ከአዴ መርየምና ከኢፍቱ ጋር ሰሌን ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ውሻ ስታይ አገኛት። ነገሩን ከሰማ በኋላ «እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ» ብቻ አለ።

ድሬሰሩ የነገረን ጊዜ አለፈ። ውሻው አለ። እንዲያውም ወፈረ። አንድ ጠዋት አዴ መርየም እንደ ልማዷ አጥንት ወረወረች፤ እኛ እያየነው መጣና ቆረጠመው። አዴ መርየም ሻሽዋን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች። እኔም እጇን ይዤ «አዴ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አልኳት። «አንቺ» ማለቴን ያወቅሁት ከተናገርኩት በኋላ ነው። እያለቀሰች ሳቀች።

ሙሴ ያኒ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጥቶ «ይገደል፤ የእናቱ ደም ነው» አለ። እኔ ግን ለእኔ እንዲተውልኝ ጠየቅሁት።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩት ዘመን ብዙ ነው። የውሻ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ዲማ ብዙ ወለደ፤ ከመጋላም ከገዚራም ሰፈር ሰው ቡችላ ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። አንድ ዓይነት እጅ ካሳደጋቸው፣ አንድ ዓይነት ፍትፍት ከበሉ ቡችሎች መካከል አንዱ ለሁሉም ሰው ይሮጣል፤ አንዱ ዝም ብሎ ያይና ያችን ከንፈር ወደ ግራ ጠመም ያደርጋል። አያቱን ሳያያት ከየት አመጣው? ከደሙ ነው። ስለዚህ ደም የለም የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ነገር ግን ያ ዝም ብሎ የሚያየው ቡችላ ገና በጠዋቱ የልጅ እጅ፣ የሽማግሌ በትር፣ የባዕድ ሽታ ከለመደ፣ ዝምታው ጥንቃቄ ይሆናል። ጨለማ ካሳደገው ደግሞ ጥርስ ይሆናል። ጊዜው አጭር ነው፤ ዓይኑን ከገለጠ በኋላ ያሉት ጥቂት ወራት ናቸው። ከዚያ በኋላ በሩ ጨርሶ አይዘጋም፤ በጣም ይጠባል እንጂ። የዲማ ወንድም እኔን ለመደ፣ የአዴ መርየምን ድምፅ ለመደ። እንግዳ ግን እስኪሞት ድረስ አልለመደም፤ በረጅም ሽቦ ታስሮ ነው ያረጀው። ስም ልናወጣለት ብንሞክርም አልያዘለትም፤ «ካላይ» ስንለው ግን ይመጣ ነበር።

እኔም በልጅነቴ ከአንድ ዓይነት ፊት በቀር አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አሸዋው ላይ በሦስት ቋንቋ ስትጮህ የሰማኋት ሴት ባትኖር፣ ዛሬም በሬን ቀርቅሬ እውል ነበር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኦሮምኛውን ከኢፍቱ ተማርኩት፤ ሶማልኛውን ከሮብሌ።

ሮብሌ ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ ውሻውን ሊያይ ይመጣ ነበር። ይቀመጣል፣ ውሻውም መጥቶ አገጩን እግሩ ላይ ያሳርፋል። አንድ ቀን፣ ቋንቋው ሲገባኝ፣ በልቤ የነበረውን ጠየቅሁት።

«ማንንም የማያምን ውሻ ከዚያ ቱቦ ውስጥ ላንተ ድምፅ ብቻ ለምን መጣ?»

ሮብሌ በሩን ዞር ብሎ አየ፤ ያ ሁሉ ዓመት አልፎም ሙሴ ያኒ የሚሰማው ይመስል።

«እንዳትነካው ብሎኝ ነበር» አለኝ። «እኔ ግን ምግቡን ካስቀመጥኩ በኋላ በሩን ዘግቼ አብሬው እቀመጥ ነበር። ጀርባውን አክለት ነበር። ምን ላድርግ? ቡችላ ነበር እኮ።»